ዐፄ ቴዎድሮስ፦ ከጣና የደንገል መርከብ እስከ መቅደላ የነሐስ ሸክም

በጣና ዳርቻ ታንኳ የሚሠራ ሰው ደንገል ያጭዳል፣ ያደርቃል፣ አጥብቆም ያስራል። ታንኳዋ እህልና ማገዶ ጭና ትሻገራለች፤ ውኃ መጥጣ ስትከብድም ወደ ዳር ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች። በ1858 ዓ.ም በቆራጣና በዘጌ ዳርቻ ይህንኑ ደንገል ይዘው ሌላ ነገር ለመሥራት የተነሱ ሰው ነበሩ። እኒህ ሰው ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው።

በአጠገባቸው የነበሩት አውሮፓውያን ባለሙያዎች መርከብ መሥራት እንደማያውቁ በገለጹላቸው ጊዜ ንጉሡ ሥራውን በራሳቸው ጀመሩት። ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሆርሙዝድ ራሳም ጋር የመጣው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ትቶት ባለፈው ማስታወሻ መሠረት፣ የተሠራው ጠፍጣፋና እጅግ ወፍራም የደንገል ጀልባ ሲሆን በጎንና በጎኑ ሁለት ትልልቅ መንኮራኩሮች ነበሩት። በዚያን ዘመን በሌላው ዓለም ባሕርና ወንዝ ላይ እንዲህ ያለውን መንኮራኩር የሚያዞረው እንፋሎት ነበር። በጣና ላይ ግን እንፋሎት ስላልነበረ የሚያዞረው የሰው ክንድ ሆነ።

ጀልባው ተንሳፈፈ። ችግሩ የመጣው ደንገል ቀላል ከመሆኑ ነው፤ መንኮራኩሮቹ ከውኃው በላይ ከፍ ብለው ስለቀሩ፣ ውኃውን እንዲነኩ ብዙ ሰው ተሳፍሮ ጀልባውን ማስመጥ ግድ ሆነ። ስለዚህ ጭነት ሊሸከም የታሰበው ጀልባ የገዛ ራሱን ጭነት አስቀድሞ ጠየቀ። ስሌቱ ቢሳሳትም ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም፤ በእጅ ካለው የአገር ቁስ ተነስቶ ያልታየ ነገር መሞከር ነበርና። በዚያው ዓመት ሰፈሩን ኮሌራ ሲመታው ንጉሡ ሐይቁን ትተው ወደ ደብረ ታቦር አቀኑ።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም ገደማ በቋራ ተወለዱ። በገዳም ተምረዋል፤ ሸፍተዋልም። በሽፍትነታቸው ዘመን ከዘረፉት ገንዘብ ለቋራ ገበሬዎች የእርሻ መሣሪያ መግዣ ማከፋፈላቸውን የዘመኑ ዜና መዋዕል መዝግቧል። በ1840 ዓ.ም ደባርቂ ላይ በመድፍ ከተደራጀው የግብፅ ጦር ጋር ገጥመው ተሸነፉ። ከዚያች ቀን ወዲህ የመድፍ ነገር ከልባቸው አልወጣም ማለት ይቻላል።

በየካቲት 1847 ዓ.ም ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው በደረስጌ ማርያም ነገሡ። ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴውም ወደ ንግዱ እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ። ወታደሩ በዘረፋ ሳይሆን በደመወዝ እንዲኖር ሞከሩ። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት በቂ ናቸው፣ የተረፈው መሬት ግብር ለሚከፍለው ይሰጥ በማለታቸውም ከካህናቱ ጋር ተቃቃሩ።

በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው ጋፋት የነበሩት ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች መድፍ እንዲያቀልጡ ታዘዙ። ሙያቸው ይህ አልነበረምና የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ንጉሡ ግን ተስፋ አልቆረጡም። በመጨረሻ በ1859 ዓ.ም ሴባስቶፖል የተባለው ግዙፍ የነሐስ መድፍ ተወለደ። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። 70 ኩንታል ጤፍ በአህያና በበቅሎ ተከፋፍሎ ገበያ ይደርሳል፤ መድፍ ግን አይከፋፈልም። ጋሪ እንኳ ብርቅ በነበረበት አገር፣ መንገድ በሌለበት ተራራ ላይ ይህን ሸክም ማንቀሳቀስ ከማቅለጡ የባሰ ፈተና ነበር።

ያን ጊዜ አገሩ ከእጃቸው እየወጣ ነበር። ጎንደርን ዘርፈውና አቃጥለው ሕዝቡን አስቀይመዋል፤ ደመወዝ ያጣው ወታደርም የበጌምድርን ገበሬ ጎተራ እስኪያራቁት ድረስ በዝብዟል። ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለላኩት ደብዳቤ መልስ ባለማግኘታቸው ቆንስሉንና ሌሎች አውሮፓውያንን አስረው ስለነበር፣ የእንግሊዝ ጦር ሊመጣባቸው ነበር።

በጥቅምት 1860 ዓ.ም ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሱ። መድፎቹ በጋፋት በተሠሩ ባለመንኮራኩር ሠረገላዎች ላይ ተጫኑ። ሴባስቶፖልን ለመጎተት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይሰለፉ ነበር። ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ እነዚያው ሰዎች እንዳያመልጥ ወደ ኋላ ይይዙታል። ዓለቱ በባሩድ ይፈረካከሳል፣ ገደሉ ይደለደላል። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ተሸክመው ከሠራተኛው ጋር መዋላቸውን የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። በዋድላ አድርገው የጅጣን ሸለቆ ወርደው ወጡ፤ ደላንታን አቋርጠው በሽሎን ተሻገሩ። በቀላል ጓዝ ለሚሄድ መንገደኛ የቀናት የነበረው ጉዞ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ነበር፤ በመንገድ ላይ ሠራዊታቸው እየከዳ ተመናምኗል።

በሌላ በኩል ጄኔራል ናፒየር ከዙላ ወደብ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዝ ከባድ መድፎቹን ከሕንድ ባመጣቸው 44 ዝሆኖች ላይ ጭኖ ነበር። የጅጣንና የበሽሎን ገደል ለመውረድ የተጠቀመበት ግን ዐፄ ቴዎድሮስ ለሴባስቶፖል ብለው ያስቆረጡትን መንገድ ነው። ከዚህ የሚመር ነገር በንጉሡ ታሪክ ውስጥ ማግኘት ይከብዳል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም፣ በስቅለት ዕለት፣ አሮጌ ሜዳ ላይ ውጊያ ተደረገ። ያ ሁሉ ላብ የፈሰሰበት መድፍ ለንጉሡ አልጠቀመም። ከፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ እንግሊዞች ወደ አምባው ሲገቡ ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ላለመስጠት የገዛ ሕይወታቸውን በሽጉጥ አሳለፉ። በመቅደላ መድኃኔዓለም ተቀበሩ።

አሸናፊዎቹ የብራና መጻሕፍቱን፣ ዘውዱንና ንዋየ ቅድሳቱን በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ጭነው ወሰዱ። በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው መድፍ አምሳያ ነው። ዋናው ሴባስቶፖል እስካሁን መቅደላ አምባ ላይ ተጋድሞ ይገኛል።