ኢርቪንግ ላንግሚዩርና የገጽ ኬሚስትሪ

የብረትም ሆነ የመስታወት፣ የውሃም ሆነ የዘይት ጠባይ ሲጠና ለብዙ ዘመን የተመራማሪዎች ዓይን ያረፈው በቁሱ ውስጥ በሚገኘው ነገር ላይ ነበር። ቁሱ ከሌላው ዓለም ጋር የሚገናኝበት ገጽ ግን እንደ ተራ ወሰን ይቆጠር እንጂ የራሱ ሕግ አለው ተብሎ እምብዛም አይታሰብም ነበር። ይህን አስተሳሰብ በመለወጥ ረገድ ቀዳሚውን ስፍራ ከያዙት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ኬሚስት ኢርቪንግ ላንግሚዩር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ላንግሚዩር ጃንዋሪ 31 ቀን 1881 በብሩክሊን፣ ኒው ዮርክ ተወለደ። ከአራት ወንድማማቾች ሦስተኛው ነበር። በልጅነቱ ዓይኑ ደካማ ስለነበረ የሩቁን ነገር አጥርቶ አያይም ነበር፤ ችግሩ ታውቆ መነጽር ያደረገው አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ወላጆቹ ተፈጥሮን በጥንቃቄ እንዲመለከትና ያየውን ሁሉ በጽሑፍ እንዲይዝ ያበረታቱት ስለነበር ይህ ልማድ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም። በ1903 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በብረታ ብረት ምህንድስና ተመርቆ ወደ ጀርመን ተሻገረ፤ በጌቲንገን ዩኒቨርሲቲም በታዋቂው ዋልተር ኔርንስት መሪነት ጋዞች በጋለ ሽቦ አጠገብ የሚደርስባቸውን ለውጥ አጥንቶ በ1906 የዶክትሬት ማዕረግ አገኘ። ከዚህ በኋላ በኒው ጀርሲ በሚገኘው የስቲቨንስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለሦስት ዓመታት አስተማረ። በ1909 የበጋ ዕረፍቱን ለማሳለፍ ወደ ስኬኔክታዲ፣ ወደ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ላቦራቶሪ ሄደ፤ እዚያው ቀርቶም እስከ 1950 ድረስ ሠራ።

በዚያን ጊዜ ኩባንያውን ያስጨነቀው የኤሌክትሪክ አምፖል ነበር። የተንግስተን ሽቦ የሚበራበት አምፖል ብርሃኑ መልካም ቢሆንም መስታወቱ ከውስጥ እየጠቆረ ይደበዝዝ ነበር። መሐንዲሶቹ ጥፋቱን ሁሉ በአምፖሉ ውስጥ በቀረው ጥቂት አየር ላይ ጥለው መድኃኒቱ አየሩን አሟጦ ማውጣት ብቻ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ላንግሚዩር ግን በተቃራኒው ሄደ። አምፖሉን ፍጹም ባዶ ለማድረግ ከመድከም ይልቅ ልዩ ልዩ ጋዞችን አንድ በአንድ እያስገባ እያንዳንዱ የሚያደርሰውን ጉዳት መመርመር ያዘ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ዊሊስ ዊትኒም ጥናቱ ለኩባንያው ምን እንደሚያስገኝ ሳይታወቅ እንዲቀጥል ፈቀደለት።

ከዚህ ሥራ ብዙ ነገር ተገለጠ። ከጋዞቹ ሁሉ ክፉው የውሃ ተን ሆኖ ተገኘ። ተኑ በጋለው ሽቦ ላይ ሲፈርስ ኦክሲጅኑ ከተንግስተን ጋር ተዋህዶ ኦክሳይድ ይሆንና በመስታወቱ ላይ ያርፋል፤ ሃይድሮጅኑም ወደ ነጠላ አቶሞች ተከፍሎ ኦክሳይዱን ደርሶበት ኦክሲጅኑን ይነጥቀዋል። ብረቱ በመስታወቱ ላይ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ውሃውም እንደገና ተፈጥሮ ያንኑ ሥራ ይደግማል። በዚህ ዑደት እጅግ ጥቂት ውሃ ብዙ ብረት ያጓጉዛል። ውሃ በሌለበት አምፖል ግን የመጥቆሩ ምክንያት የሽቦው መትነን ብቻ ነበር። ይህ ከታወቀ በኋላ መፍትሔው ባዶነትን ማብዛት ሳይሆን እንደ ናይትሮጅንና አርጎን ያለ ጭምት ጋዝ ሞልቶ ትነቱን መግታት ሆነ። ጋዙ ሙቀት ይሰርቃል የሚለውን እንቅፋትም ሽቦውን እንደ ምንጭር በጥብቅ በመጠምጠም አሸነፈው፤ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ በሙቀት ረገድ እንደ አንድ ወፍራም ሽቦ ይሆናልና። ከ1913 ጀምሮ ይህ አምፖል በዓለም ተሰራጨ።

ለላንግሚዩር ግን አምፖሉ የጥያቄው መጨረሻ አልነበረም። በሙከራው ጊዜ የሃይድሮጅን አቶሞች በመስታወቱ ላይ ተለጥፈው ሲጠፉ፣ ኦክሲጅንም በተንግስተን ላይ ተጣብቆ እጅግ በጋለ ብረት ላይ እንኳ አልለቅ ሲል አይቶ ነበር። ከዚህም ተነሥቶ በ1916 እና በ1918 መካከል ባወጣቸው ጽሑፎች አንድ ቀላል ሐሳብ አቀረበ። የጠጣር ነገር ገጽ እንደ ገበጣ ጉድጓድ የተወሰነ ማረፊያ አለው፤ ልዩነቱ እያንዳንዱ ጉድጓድ አንዲት ጠጠር ብቻ መቀበሉ ነው። የጋዝ ሞለኪውሎች ያለማቋረጥ ገጹን ይመታሉ፤ ባዶ ማረፊያ ያገኘው ይለጠፋል፤ የተለጠፈውም ጊዜውን ጠብቆ ይለቃል። የሚያርፉትና የሚለቁት ቁጥር ሲተካከል የገጹ ምን ያህሉ እንደተሸፈነ ከጋዙ ግፊት ማስላት ይቻላል። በእሱ ስም የሚጠራው ስሌት ይህ ነው።

ስሌቱ አንድ እንግዳ ነገር አስረዳ። ካርቦን ሞኖክሳይድና ኦክሲጅን በፕላቲኒየም ላይ ሲዋሃዱ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ሲበዛ ውህደቱ በመፍጠን ፈንታ ይዘገያል። ላንግሚዩር በ1922 እንደገለጠው፣ ምክንያቱ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ማረፊያውን ሁሉ ይዞ ለኦክሲጅን ቦታ ስለሚነፍገው ነው።

በ1917 ደግሞ ፊቱን ወደ ውሃ መለሰ። ዘይት በውሃ ላይ እጅግ ሳስቶ እንደሚዘረጋ ከእሱ በፊት ታውቆ ነበር። በተለይም አግነስ ፖክልስ የተባለች ጀርመናዊት፣ ሴቶች ዩኒቨርሲቲ በማይገቡበት ዘመን፣ በቤቷ ማዕድ ቤት በሠራችው ገንዳ የውሃን ገጽ መርምራ ውጤቷን በ1891 ለእንግሊዛዊው ሊቅ ለሎርድ ራሌይ በደብዳቤ አሳውቃ፣ እሱም ታትሞ እንዲወጣ አድርጎላት ነበር። ላንግሚዩር የእሷን ዓይነት ገንዳ አሻሽሎ የሽፋኑን ግፊት መለካት ቻለ። ርዝመታቸው ልዩ ልዩ የሆነ የስብ አሲዶችን ሲዘረጋም የእያንዳንዱ ሞለኪውል ድርሻ ወደ 20 ስኩዌር አንግስትሮም ያህል ሆኖ በርዝመታቸው ልክ የማይለወጥ ሆነ። እንግዲህ ሞለኪውሎቹ አልተኙም፤ ውሃ ወዳዱን ጫፍ ውሃው ውስጥ ነክረው፣ ውሃ የሚሸሸውን ጭራ ወደ ላይ አድርገው ጎን ለጎን ቆመዋል ማለት ነው። የሥራ ባልደረባው ካትሪን ብሎጀት ይህን ሽፋን ከውሃው ላይ ወደ መስታወት ደርብ በደርብ ማሸጋገርን ተክናበት፣ በ1938 በ44 ደርብ ሽፋን ብርሃን የማያንጸባርቅ መስታወት አሳየች።

ላንግሚዩር በ1932 ለገጽ ኬሚስትሪ ባበረከተው ሥራ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ከኩባንያ ላቦራቶሪ ለተነሣ ሰው ይህ ያልተለመደ ክብር ነበር።

የመጨረሻ ዘመኑ ግን ያለ ክርክር አላለፈም። በ1946 ረዳቱ ቪንሰንት ሼፈር ደረቅ በረዶ ከአውሮፕላን ወደ ደመና በትኖ በረዶ እንዲወርድ አደረገ። ላንግሚዩርም የአየርን ጠባይ በሰው እጅ መምራት ይቻላል ብሎ በጽኑ አመነ። በኦክቶበር 1947 ደረቅ በረዶ የተበተነበት የባሕር ማዕበል አቅጣጫውን ለውጦ የጆርጂያን ጠረፍ ሲመታ፣ ለውጡን ያመጣው የሰው ሥራ ነው አለ። በኒው ሜክሲኮ በየሳምንቱ የተበተነው የብር አዮዳይድ እጅግ ርቀው በሚገኙ ክፍላተ አገር ዝናብ አመላልሷል ሲልም ተከራከረ። የሜትዎሮሎጂ ባለሙያዎች ግን በአጋጣሚ የሚሆነውን ከሙከራ ውጤት አልለየም ሲሉ አልተቀበሉትም። የሚያስገርመው፣ በ1953 ሳይንቲስቶች በቅንነት ራሳቸውን ስለሚያታልሉበት መንገድ እስካሁን የሚጠቀስ ንግግር ያደረገው እሱው ራሱ መሆኑ ነው። በአምፖሉ ውስጥ ጋዞችን አንድ በአንድ ለይቶ መመርመር ችሎ ነበር፤ ሰማዩ ግን እንዲህ ያለውን መለያየት አልፈቀደለትም።

ላንግሚዩር ኦገስት 16 ቀን 1957 በዉድስ ሆል፣ ማሳቹሴትስ አረፈ። ከሞተ 50 ዓመት በኋላ፣ በ2007፣ ጀርመናዊው ገርሃርድ ኧርትል በጠጣር ገጽ ላይ የሚካሄዱትን ለውጦች በመመርመሩ የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ፣ ከሥራዎቹ አንዱ ያው የካርቦን ሞኖክሳይድና የፕላቲኒየም ጉዳይ ነበር። የመኪና ጭስ የሚያጠራው መሣሪያም የሚሠራው በዚሁ ለውጥ ነው። ይህ ሁሉ የመጣው አንድ ሰው አምፖሉን ከማሻሻሉ በፊት ለምን እንደሚጠቁር ለማወቅ ስለፈለገ፣ አለቃውም ጊዜ ስላልነፈገው ነው።