ከፔኒሲሊን በፊት የነበረው ፍሌሚንግ

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ሲባል ሁላችንም የሚታወሰን ፔኒሲሊን ነው። እኛ ዛሬ ማንሳት የወደድነው ግን ከዚያ በፊት የሠራውን፣ እምብዛም የማይወራለትን ሥራውን ነው።

ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1881 ስኮትላንድ ውስጥ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ሕክምና የተማረው ለንደን፣ ሴንት ሜሪ ሆስፒታል ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ዘምቶ ቁስለኞች ቁስላቸው እያመረቀዘ ሲሞቱ አየ። ቁስል ላይ የሚፈስሰው ኃይለኛ ፀረ ጀርም ከሥር የተደበቀውን ጀርም ሳይነካ፣ ለሰውነት ዘብ የቆሙትን ነጭ የደም ሴሎች ይፈጅ እንደነበር አረጋገጠ። አድን የተባለው ገዳይ ሆነ ማለት ነው! ብዙዎቹ የጦር ሐኪሞች ግን በለመዱት ቀጠሉ።

በ1921 ጉንፋን ይዞት ሳለ የገዛ ንፍጡን ጀርም ባበቀለበት ሳህን ላይ አኖረ። ጀርሙ ሟሟ። ይኸው ንጥረ ነገር በእንባና በምራቅም ተገኘ፤ ላይሶዛይም ተባለ። ፍሌሚንግ ለምርምሩ እንባ ሲያጥረው ባልደረቦቹን በሎሚ ያስለቅስ ነበር። የሚያሳዝነው፣ ላይሶዛይም አደገኞቹን ጀርሞች እምብዛም አይደፍርም።

በ1928 ፔኒሲሊንን ያገኘው ስታፊሎኮከስ የተባለውን፣ ቁስል የሚያመረቅዘውን ጀርም ሲያጠና ነው። በ1945 ከፍሎሪና ከቼይን ጋር ኖቤል ተሸለመ፤ በ1955 አረፈ። በገዛ ቆዳችን ወዝ ውስጥ ያለው ሳፒየኒክ አሲድ የተባለ ስብ ያንኑ ስታፊሎኮከስ እንደሚገድል በምርምር የታየው እሱ ካለፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።