ኢብኑ ሩሽድ፦ ቃዲው፣ ሐኪሙ፣ ፈላስፋው



ከክፍል ወጥተን ወደ ሶላት ስንሄድ ብዙዎቻችን አንድ ጥያቄ ይዘን እንሄዳለን፦ ጠዋት የተማርነው ሳይንስና ፍልስፍና ከዲናችን ጋር ምን ያገናኘዋል? በዚህ እትም ለዚህ ጥያቄ መልስ ጽፈው ዋጋ የከፈሉበትን ዓሊም ልናስታውስ ወደድን።

ኢብኑ ሩሽድ (አላህ ይዘንላቸው) በ1126 እ.ኤ.አ. በአንደሉስ፣ ቁርጡባ ከተማ ተወለዱ። አያታቸውም አባታቸውም ቃዲ ነበሩ። እርሳቸውም የማሊኪን ፊቅህ፣ ሕክምናንና ፍልስፍናን ተምረው በ1169 የኢሽቢሊያ ቃዲ ሆኑ፤ በኋላም የኸሊፋው ሐኪም። አባታቸው ከሞቱበትና ካገቡበት ሌሊት በቀር ሳያነቡ ያደሩበት ሌሊት አልነበረም ይባላል። ፈተና ሲደርስ ብቻ ለምናመሸው ለእኛ ነገሩ ትንሽ ያሳፍራል።

«ቢዳየቱል ሙጅተሂድ» የተሰኘው የፊቅህ ኪታባቸው አንዱን ኢማም ደግፎ ሌላውን አያጣጥልም። ኢማሞቹ የተለያዩበትን ምክንያት፣ ማስረጃውን እንዴት እንደተረዱት ነጥብ በነጥብ ያሳያል። እጅ አቀማመጥ ላይ ተከራክረን ለምንኳረፍ ልጆች መድኃኒት ነው።

«ፈስሉል መቃል» ደግሞ እንደ ፈትዋ የተጻፈ አጭር ሥራ ነው። ፍልስፍናና ሎጂክ ማጥናት በሸሪዓ የተፈቀደ ነው፣ የተከለከለ ወይስ የታዘዘ? መልሳቸው ለሚችል ሰው ታዟል የሚል ነው። ቁርአን ፍጥረትን እንድናስተነትን ያዘናል፤ የተሠራውን በደንብ ያወቀ ደግሞ ሠሪውን በደንብ ያውቃል። ዕውቀቱ ከግሪኮች መምጣቱስ? ቢላዋው መስፈርቱን ካሟላ ባለቤቱ የኛ ሃይማኖት ተከታይ ነው ወይ ተብሎ አይጠየቅም ሲሉ ይሞግታሉ። አንዳንዱ ስለተሳሳተ ሁሉንም መከልከል፣ አንድ ሰው ውኃ አንቆት ስለሞተ የተጠማውን ሁሉ ውኃ እንደመንፈግ ነው።

ለኢማም አል-ገዛሊ ትችትም ረጅም መልስ ጽፈዋል። ብዙ ዑለማ ከገዛሊ ጎን ቆመዋል፤ እኛም ኢብኑ ሩሽድ በሁሉም ትክክል ነበሩ አንልም።

በጣም ያስገረመን ግን በፕላቶ «ሪፐብሊክ» ላይ የሰጡት ማብራሪያ ነው። ዐረብኛው ጠፍቶ በዕብራይስጥ ትርጉም ተርፏል። ሴቶች ለመውለድና ለማሳደግ ብቻ መፈለጋቸው ችሎታቸውን እንደቀበረው፣ ይህም ለከተሞቹ ድህነት አንዱ ምክንያት እንደሆነ ጽፈዋል። የገዛ ከተማቸው አስተዳደር ወደ ጭቆና ማዘንበሉንም አልሸሸጉም። ይህን የጻፉት በ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ እኛ ዘንድ ግን የእህቶች ሐሳብ ከመጋረጃው ጀርባ ሳይሰማ የሚዘጋ ስብሰባ ዛሬም አለ።

በ1195 ኸሊፋው አል-መንሱር ፊቱን አዞረባቸው። ከካስቲያ ጋር ጦርነት ላይ ስለነበር ፍልስፍናን የሚጠሉ ፉቀሃዎችን ድጋፍ ፈልጎ ነው የሚሉ ታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። የፍልስፍና ኪታቦቻቸው ተቃጠሉ፣ እርሳቸውም ወደ ሉሴና ተጋዙ። ለዐስር ሶላት ከልጃቸው ጋር ወደ መስጂድ ገብተው ሕዝቡ እንዳስወጣቸው ይተረካል። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረበ ሽማግሌ፣ ያውም የከተማዋ ቃዲ የነበሩ!

በኋላ ኸሊፋው ይቅር ብሎ ወደ መራኪሽ ጠራቸው፤ ብዙም ሳይቆዩ በታኅሣሥ 1198 እዚያው አረፉ። ከወራት በኋላ አስከሬናቸው ወደ ቁርጡባ ሲመለስ ወጣቱ ኢብኑ ዐረቢ ቆሞ ያይ ነበር። በጭነት ከብቱ በአንድ ጎን ሬሳው ተጭኗል፤ ሚዛን እንዲጠብቅ በሌላው ጎን የተጫኑት የጻፏቸው ኪታቦች ነበሩ።