ከሲታው ልጅ ቴዎዶር ሩዝቬልት

በስፖርት ሰዓት ሁለት ቡድን ሲመረጥ ከሁሉ ኋላ የሚቀር ተማሪ በየክፍሉ አለ። ክንዱ እንደ ሸምበቆ የቀጠነ፣ ደረቱም የጠበበ ስለሆነ ጓደኞቹ ነፋስ ይወስደዋል እያሉ ይቀልዱበታል። ይህም ተማሪ አንዳንድ ጊዜ እንዲሁ ተፈጥሬያለሁ ብሎ ይቀመጣል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ ጡንቻ ለማውጣት ሞክሮ ሳይሆንለት ሲቀር ሥራውን ይተወዋል። ለሁለቱም የሚጠቅም መስሎ ስለታየኝ የአሜሪካ 26ኛ ፕሬዚደንት የነበረውን የቴዎዶር ሩዝቬልትን ታሪክ በአጭሩ ለማቅረብ እወዳለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሩዝቬልት ጥቅምት 27 ቀን 1858 በኒው ዮርክ ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። ነገር ግን ሀብት ጤና አልገዛለትም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አስም ያሠቃየው ስለነበር ብዙውን ሌሊት ተጋድሞ መተኛት አቅቶት በትራስ ተደግፎ ያነጋ ነበር። አባቱም አየር እንዲያገኝ በማለት በሌሊት በሠረገላ አስቀምጦ በከተማው ጎዳና ይነዳው ነበር። በዚያ ዘመን ቡናና የሲጋራ ጭስ እንደ አስም መድኃኒት ይቆጠሩ ስለነበር በእርሱም ላይ ተሞክረዋል፤ ጭስ ለአስም በሽተኛ ጎጂ መሆኑ ግን ዛሬ የታወቀ ነው። ልጁ እንደ እኩዮቹ ትምህርት ቤት ሳይሄድ፣ በቤቱ መጽሐፍ ሲያነብና ስለ አእዋፍና ስለ አራዊት ሲመረምር አደገ።

ዕድሜው 12 ዓመት ገደማ ሲሆን አባቱ ጠርቶ፣ አእምሮው ብሩህ ቢሆንም ሰውነቱ ካልረዳው ሩቅ እንደማይሄድ፣ ሰውነቱንም ሊሠራ የሚችለው ራሱ ብቻ መሆኑን ነገረው። ልጁም ቃል ገባ። በመጀመሪያ እናቱ ወደ አንድ የጂምናስቲክ ቤት ትወስደው ነበር፤ በኋላም በቤታቸው ፎቅ ላይ ያለው ሰገነት የስፖርት መሣሪያ ተተክሎለት የእርሱ መሥሪያ ቦታ ሆነ። በዚያም በአግዳሚ ዘንግ እየተንጠለጠለ፣ በጥንድ ዘንጎች መካከል ክንዱን እያጠፈና እየዘረጋ፣ ክብደትም እያነሣ ደረቱን ለማስፋት ይደክም ጀመር።

ፍሬው ግን ቶሎ አልታየም። በ1872 አስም ተነሥቶበት ለአየር ለውጥ በሜይን አገር ወዳለው ወደ ሙስሄድ ሐይቅ ብቻውን ሲላክ፣ በሠረገላው የተሳፈሩ ሁለት እኩዮቹ ያላግጡበት ጀመር። ሊመታቸው ቢነሣ አንዱ ብቻውን እንኳ ብዙ ሳይጎዳው እንደ ሕፃን ያዘው። ይህን ውርደት ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ራሱ በጻፈው የሕይወት ታሪክ አስፍሮታል። ሁለት ዓመት ያህል ደክሞ እንዲህ መሆኑ ተስፋ ሊያስቆርጠው በቻለ ነበር። እርሱ ግን አባቱን አስፈቅዶ ጆን ሎንግ ከሚባል የቀድሞ ቦክሰኛ ዘንድ ቦክስ መማር ጀመረ። ዘገምተኛ ተማሪ ቢሆንም ከብዙ ልምምድ በኋላ በአንድ ትንሽ ውድድር አሸንፎ ዋጋው 50 ሳንቲም ያህል የሆነ የቆርቆሮ ኩባያ ተሸለመ፤ ይህችንም ኩባያ ለብዙ ዓመታት እንደ ውድ ዕቃ ጠብቋታል።

አሁን አንባቢው ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ሩዝቬልት በ17 ዓመቱ ቁመቱ 1 ሜትር ከ73 ሲሆን ክብደቱ ከ56 ኪሎ ብዙ አይበልጥም ነበር። አምስት ዓመት ሠርቶ ገና ከሲታ ነበር ማለት ነው። ድካሙ ታዲያ የት ገባ? በጉርምስና ጊዜ በመጀመሪያ አጥንት ይረዝማል፤ የጡንቻ መወፈር የሚከተለው ቆይቶ ነው። ከዚህም በላይ ጀማሪ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ብርታት ነርቭ ጡንቻን ማዘዝ ከመልመዱ የመጣ ስለሆነ በመስተዋት አይታይም። ጡንቻው እንዲወፍር ክብደቱ ጥቂት በጥቂት መጨመር፣ ምግቡም ሰውነት ከሚያወጣው ኃይል መብለጥ አለበት። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ምስርና ባቄላ የጡንቻ መሥሪያ የሆነውን ፕሮቲን ይሰጣሉ፤ የደከመ ጡንቻም የሚጠገነው በዕረፍትና በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአባቶቻችን ተረት በዚህ ነገር እውነት ሆኖ ይገኛል።

በ1876 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1879 በቀላል ክብደት የቦክስ ውድድር እስከ ፍጻሜው ደርሶ ተሸነፈ። በ1880 አንድ ሐኪም ልቡ ደካማ ስለሆነ ደረጃ እንኳ እየሮጠ እንዳይወጣ መከረው፤ እርሱ ግን በሚቀጥለው ዓመት 4,478 ሜትር የሚሆነውን የማተርሆርንን ተራራ ወጣ። በየካቲት 1884 እናቱና ሚስቱ አሊስ በአንድ ቀን ሞቱበት። ከዚያም ኀዘኑን ይዞ ወደ ዳኮታ ሄደና ከከብት ጠባቂዎች ጋር ቀኑን ሙሉ በፈረስ እየዋለ፣ በሜዳ እያደረ መኖር ጀመረ። ሲመለስ አብሮት የኖረው ቢል ሲዎል እንደ መሰከረው ክብደቱ 68 ኪሎ ያህል ደርሶ፣ ሰውነቱም ጠንክሮ ነበር።

በ1901 በ42 ዓመቱ ፕሬዚደንት ሆነ። በ1903 መልእክተኛውን ወደ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ልኮ የኢትዮጵያና የአሜሪካ የንግድ ውል በአዲስ አበባ ተፈረመ። በ1906 ሩሲያንና ጃፓንን ስላስታረቀ የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጠው።

ጥቅምት 14 ቀን 1912 በሚልዎኪ ከተማ አንድ ሰው ደረቱን በሽጉጥ መታው። ጥይቱ በኪሱ የነበረውን የታጠፈ ንግግርና የመነጽር ማኅደር ዘልቆ በደረቱ ጡንቻ ውስጥ ቆመ። እርሱም ከአንድ ሰዓት በላይ ንግግር ካደረገ በኋላ ወደ ሐኪም ሄደ። በልጅነቱ በሰገነቱ ላይ ሊያሰፋው የደከመበት ደረት ያ ነበር።

ይሁን እንጂ ጉድለቱንም መሸሸግ አይገባም። ፕሬዚደንት ሳለ ቦክስ ሲለማመድ በተመታበት ምክንያት የግራ ዓይኑ ብርሃን ጠፍቷል፤ በኋለኛው ዕድሜው ከመጠን በላይ ወፍሯል፤ አስሙም ጨርሶ አልለቀቀውም። ጥር 6 ቀን 1919 በ60 ዓመቱ ተኝቶ ሳለ ዐረፈ።

እንግዲህ ከሲታ ጓደኞቼ ሆይ፣ በሦስት ወር ውስጥ ክንዳችሁ ባይወፍር አትዘኑ። ሩዝቬልት በ12 ዓመቱ የጀመረውን ሥራ ፍሬ በሙሉ ያየው ዕድሜው ከ25 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ወላጆችና መምህራንም እንደ ሩዝቬልት አባት፣ በከሲታው ልጅ በመቀለድ ፈንታ መሥሪያ ቦታ ቢሰጡትና ጊዜ ቢታገሡት መልካም ይመስለኛል።