ከተጣለ ጨው ማዳበሪያ ያወጣው ኬሚስት

አርሶ አደሮቻችን የምድጃ አመድ በከንቱ አይጥሉም፤ በጓሮ ጎመንና በርበሬ ሥር ይበትኑታል። አመድ ለተክል ከሚሰጣቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ ፖታሲየም ነው። ተክል በውስጡ ያለውን ውኃ የሚቆጣጠረው፣ በቅጠሉ የሠራውንም ስኳር ወደ ፍሬና ወደ ሥር የሚያጓጉዘው በፖታሲየም እገዛ ነው። አውሮፓውያንም እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ፖታሽ የሚሉትን ጨው የሚያገኙት እንጨት አቃጥለው፣ አመዱን በውኃ አጥልለው ነበር። ይህን ጨው ከከርሰ ምድር በፋብሪካ ደረጃ ማምረት እንዲቻል መንገድ ከከፈቱት ሰዎች ቀዳሚው ጀርመናዊው ኬሚስት አዶልፍ ፍራንክ ነው።

ፍራንክ የተወለደው እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 1834 ክሎትሰ በምትባል የፕሩሲያ ከተማ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ነው። በመድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ሙያ ከተማረ በኋላ በርሊን ገብቶ ትምህርቱን ቀጠለ። በ1858 ሽታስፉርት በተባለች ከተማ በሚገኝ የስኳር ፋብሪካ በኬሚስትነት ተቀጠረ። ፋብሪካው ስኳር የሚያወጣው ከአገዳ ሳይሆን ቀይ ሥር ከሚመስል፣ ሥሩ ጣፋጭ ከሆነ ተክል ነበር።

በዚያችው ከተማ የፕሩሲያ መንግሥት የገበታ ጨው ለማውጣት ጥልቅ ጉድጓዶች አስቆፍሮ ነበር። አካባቢው በጥንት ዘመን በባሕር የተሸፈነ ነበር። ባሕሩ በትነት ሲደርቅ የገበታ ጨው ቀድሞ ከታች ሲረጋ፣ የፖታሲየምና የማግኒዚየም ጨዎች ግን መጨረሻ ላይ ከላይ ተነጠፉ። ስለዚህ ቆፋሪዎቹ ወደሚፈልጉት ጨው ለመድረስ በመጀመሪያ ያንን መራራ ጨው ማንሳት ነበረባቸው። ለምግብ ስለማይሆን እንደ ቆሻሻ ተቆጥሮ ይጣል ነበር።

ፍራንክ ሁለት ነገሮችን አገናኘ። የስኳር ተክሉ ከመሬት ብዙ ፖታሲየም ይወስዳል፤ ምርቱ በየዓመቱ ወደ ፋብሪካ ሲጫን ፖታሲየሙም አብሮ ከማሳ ይወጣል። መሬቱ የተወሰደበት ንጥረ ነገር ደግሞ ከጉድጓዱ አጠገብ ተጥሏል። ሆኖም የተቆፈረውን ጨው እንዳለ መበተን አያዋጣም፤ የተቀላቀሉት የገበታ ጨውና የማግኒዚየም ክሎራይድ ሲበዙ ተክሉን ይጎዳሉ። እርሱም ጨውን በሙቅ ውኃ አሟሙቶ ሲያቀዘቅዘው የፖታሲየም ክሎራይዱ ረግቶ የሚለይበትን ዘዴ በሥራ ላይ አዋለ። በ1861 በሽታስፉርት የፖታሽ ፋብሪካ ከፈተ፤ በዓመቱም ከጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ።

ብዙ ሳይቆይ ሌሎች ባለሀብቶችም ተከትለውት ፋብሪካ ተከሉ፤ ጀርመንም የዓለም የፖታሽ ገበያ ዋነኛ አቅራቢ ሆነች። ፍራንክ ግን ከፖታሽ ምርት የሚተርፈውንም ፈሳሽ አልጣለም፤ ለመድኃኒትና ለፎቶግራፍ ሥራ የሚውል ብሮሚን አወጣበት። በ1876 ሽታስፉርትን ለቅቆ በበርሊን አቅራቢያ ሻርሎተንበርግ የሚገኝ የመስታወት ፋብሪካ መምራት ጀመረ።

ዕድሜው 60 ካለፈ በኋላ ደግሞ ፊቱን ወደ ናይትሮጂን መለሰ። በዚያን ጊዜ የአውሮፓ ገበሬ ብዙ ናይትሮጂን የሚያገኘው ከቺሊ በመርከብ ከሚመጣ ጨው ነበር፤ ያ ቢያልቅስ የሚል ሥጋት ነበር። ፍራንክ ከኬሚስቱ ኒኮደም ካሮ ጋር ሆኖ ካልሲየም ካርባይድን በከፍተኛ ሙቀት ከአየር ከተለየ ናይትሮጂን ጋር በማዋሃድ ካልሲየም ሲያናማይድ የተባለውን ውህድ አስገኘ። ይህ ውህድ በእርጥብ አፈር ውስጥ ሲፈርስ ለተክል ምግብ ይሆናል፤ ለማዳበሪያነት እንደሚበጅ የለየው ልጁ አልበርት ነው። በ1905 ፒያኖ ዶርታ በተባለ የጣሊያን ስፍራ ፋብሪካ ተተክሎ ማምረት ጀመረ። ዘዴው ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚበላ ኋላ በሌላ ቢተካም፣ ከአየር ማዳበሪያ ካወጡት የመጀመሪያዎቹ ፋብሪካዎች አንዱ ነበር።

ፍራንክ እ.ኤ.አ. ግንቦት 30 ቀን 1916 በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል አረፈ። ያን ጊዜ የጀርመን ፖታሽ ለብዙ አገሮች ተቋርጦ ነበር። በዚያው ዘመን ነው ጣሊያኖች በእኛው አፋር፣ በዳሎል ያለውን ፖታሽ ቆፍረው በኤርትራዋ መርሳ ፋጥማ ወደብ በኩል ለማውጣት ባቡር የዘረጉት። ጦርነቱ ሲያበቃና የጀርመን ምርት ወደ ገበያ ሲመለስ ሥራው ቆመ።

ፍራንክ የተነሣበት ጥያቄ ዛሬም ለእኛ ማሳ የሚነሣ ነው፤ ምርቱ ከመሬቱ ምን ይዞ ሄደ? ለረዥም ጊዜ የተጠቀምንባቸው ዳፕና ዩሪያ ናይትሮጂንና ፎስፈረስ እንጂ ፖታሲየም አይሰጡም። ስንዴና ገብስ ከመሬት ከወሰዱት ፖታሲየም አብዛኛው የሚቀረው በገለባው ውስጥ ነው። ገለባው ሁሉ ተሽጦ ከወጣ ፖታሲየሙም ከማሳው ወጣ ማለት ነው። ኩበት ሲነድም ናይትሮጂኑ ከጭሱ ጋር ይጠፋል፤ ፖታሲየሙ ግን አብዛኛው በአመዱ ይቀራል። አርሶ አደሩ የቻለውን ያህል ገለባ በማሳው ቢያስቀር፣ አመዱን ከጓሮ አልፎ ወደ እርሻው ቢያደርስ፣ ማዳበሪያ ከመምረጡም በፊት አፈሩን ቢያስመረምር መሬቱ የጎደለውን ያገኛል።