ዐፄ ቴዎድሮስና እንቅልፍ

የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ እንቅልፍ እጦት እንድጽፍ፣ ጽሑፉም በአንድ የታወቀ ሰው የሕይወት ታሪክ ላይ የተመሠረተ እንዲሆን በጠየቁኝ ጊዜ ሰውየውን ለመምረጥ ብዙ አልተቸገርሁም። ከደሴ ተነሥቶ በኩታበር በኩል ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ከመቅደላ አምባ ይደርሳል። በዚያ አምባ ላይ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሕይወታቸው ያለፈው ዐፄ ቴዎድሮስ ስለ ጀግንነታቸው፣ ስለ አንድነት ምኞታቸውና ስለ ጭካኔያቸው ብዙ ተጽፎላቸዋል፤ ተጽፎባቸዋልም። እኔ የምጽፈው ለሙያ ባልደረቦቼ ነውና በእንቅልፋቸው በኩል ልመለከታቸው እሞክራለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስገንዝብ። ከሞተ 150 ዓመት ያለፈውን ሰው እንደ በሽተኛ ቈጥሮ የሕመም ስም መስጠት ከሙያችን ሥርዓት ውጭ ነው፤ ይህንንም አላደርግም። የማደርገው ቢኖር በየዕለቱ በምርመራ ክፍል የምንሰማውን ሮሮ በአንድ ታላቅ ሰው ሕይወት ውስጥ መፈለግ ብቻ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወልደው ካሣ ኃይሉ ተባሉ። ከሽፍትነት ተነሥተው፣ መሳፍንቱን አንድ በአንድ ድል ነሥተው፣ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ቅብዓ መንግሥት ተቀቡ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ለመንግሥቱ በላከው ሪፖርት ውስጥ፣ አዲሱ ንጉሥ ሥራ የማይሰለቻቸው፣ ቀንም ሆነ ሌሊት ጥቂት ብቻ የሚያርፉ መሆናቸውን አመልክቷል። ቆንስሉ ይህን የጻፈው ለምስጋና ነው። ያገራችንም ሰው ቢሆን የሚያመሰግነው በዚሁ ነበር። ሌሊት ለጸሎት የሚቆም መነኩሴ፣ ሌሊት ገሥግሦ ሲነጋ ከጠላቱ ሰፈር የሚደርስ ጦረኛ በእኛ ዘንድ የተከበረ ነው። የሌሊት ግሥገሣ ደግሞ የቴዎድሮስ ዋና የጦር ዘዴ ነበረ።

እዚህ ላይ ሦስት ዓይነት ሰዎችን መለየት ያስፈልጋል። በተፈጥሮው ጥቂት እንቅልፍ የሚበቃው ሰው አለ፤ ቁጥሩ አነስተኛ ነው፤ ሲነቃ ግን የታደሰ ነው። ለሥራ ወይም ለጭንቀት ብሎ እንቅልፉን በገዛ እጁ የሚቀንስም አለ። በመጨረሻም ጊዜና መኝታ እያለው እንቅልፍ እምቢ የሚለው ሰው አለ። ሦስቱን በሌሊታቸው ብቻ ለመለየት ያስቸግራል፤ ልዩነታቸው የሚታወቀው በቀናቸው ነው። የፊተኛው ሰው ቀኑ አይበላሽም። የሁለቱ ግን ቁጣቸው ይፈጥናል፤ ጥርጣሬያቸው ይበዛል፤ ትላንት የወሰኑትን ዛሬ ያፈርሳሉ።

በነገሡበት ዘመን መጀመሪያ የቴዎድሮስ ቀን አልተበላሸም ነበር። ወዲያው ወደ ወሎ ዘምተው በመስከረም 1848 ዓ.ም. መቅደላን ያዙ፤ ቀጥለውም ሸዋን አስገብረው ሕፃኑን ምኒልክን ወሰዱ። ፈራጅነታቸውና የአሳባቸው ጥራት በወዳጅም በጠላትም የታወቀ ነበር። ለውጡ የመጣው ሐዘን ሲደራረብ ነው። በ1850 ዓ.ም. እጅግ የሚወዷቸው ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች ዐረፉ። በ1852 ዓ.ም. ወዳጃቸው ፕላውደን በጎንደር አጠገብ በሽፍቶች ቆስሎ ሞተ። ብዙም ሳይቆይ ሊቀ መኳስ ያሉት እንግሊዛዊው ጆን ቤል በጦርነት ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ደፍሮ የሚመክራቸው ሰው ጠፋ።

በወጣትነታቸው በመጠጥ ቁጥብ የነበሩት ንጉሥ በመጨረሻዎቹ ዓመታት መጠጥ ማዘውተራቸውን፣ በጠጡም ጊዜ ቁጣቸው ይከፋ እንደነበረ፣ በመቅደላ ታስሮ የነበረው የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽፏል። ጠጅም ሆነ አረቄ ሰውን ቶሎ ያስተኛል፤ ነገር ግን የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይቈራርጠዋል። ሰውየው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልቡ እየመታ ይነቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው አሳብ ሁሉ ጥቁር ነው። ይህን ለመረዳት መቅደላ ድረስ መሄድ አያሻም። ደሴና ኮምቦልቻ የምንሠራ ሁሉ እናውቀዋለን። ከሰዓት በኋላውን ጫት ሲቅም የዋለ ሰው ምርቃናውን ለመስበር ማታ ጨብሲ ይላል፤ ጨብሲው ያስተኛዋል፤ ሌሊት ይነቃል፤ ጠዋት የደከመውን ሰውነት በቡና ይቀሰቅሳል፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ጫቱ ይመለሳል። ወደ እኛ ሲመጣም እንቅልፍ አጣሁ አይልም። ጨጓራዬን፣ ራሴን፣ ልቤን ይላል። ባለቤቱ አብራ ከመጣች ግን በልጆቹ ላይ ስለሚቆጣው ቁጣ ታነሣለች።

ወደ መቅደላ እንመለስ። በ1857 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ምኒልክ በሌሊት ከአምባው አምልጠው ወደ ወሎዋ እመቤት ወደ ወርቂት ገቡ። ወሬው በተሰማ ጊዜ ንጉሡ አንድ ቀን እንኳ አላደሩም፤ በመያዣነት የነበሩትን የወሎ ባላባቶች፣ የወርቂትን ልጅ ጭምር፣ ወዲያው አስገደሉ። ወሎዬ አንባቢ ይህን ታሪክ ሲያነብ የንጉሡ እንቅልፍ ማነስ እንደ ማመካኛ እንዳይቀርብለት የመጠየቅ መብት አለው። እኔም አላቀርብም። ብዙ ሰው እንቅልፍ አጥቶ ያድራል፤ ነገር ግን ሰው ከገደል አያስወረውርም። የሥልጣን ብቸኝነት፣ የዓመፅ መብዛትና የገዛ ጠባያቸው በአንድ ላይ የሠሩትን እንቅልፍ ብቻውን ሠራው ማለት ስንፍና ነው።

ሆኖም የዘመናችን ምርምር የሚነግረን ነገር አለ። በ2007 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ አንድ ሌሊት ያልተኙ ወጣቶች የሚያስከፋ ሥዕል ሲመለከቱ፣ የፍርሃትና የቁጣ ማዕከል የሆነው የአንጎላቸው ክፍል፣ አሚግዳላ የሚባለው፣ ከተኙት ይልቅ ወደ 60 በመቶ በሚደርስ መጠን አብልጦ ተነሣሥቷል፤ ልጓም የሚይዘው የፊተኛው የአንጎል ክፍልም ከእርሱ ጋር የነበረው ግንኙነት ላልቶ ተገኝቷል። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ደግሞ ለ17 ሰዓት ያህል ነቅቶ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በብዙ አገር ለነጂ ከሚፈቀደው የአልኮል ልክ ላይ ከደረሰ ሰው ጋር እኩል መሆኑን አሳይቷል። ከጅቡቲ ተነሥቶ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ የሚገባውን፣ ከዚያም ጠመዝማዛውን ዳገት ወደ ደሴ የሚወጣውን የከባድ መኪና ነጂ ይህ ቁጥር በቀጥታ ይመለከተዋል። በፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራውንም እንዲሁ። የሌሊት ተረኛ ሆኖ አድሮ በማግሥቱ በሽተኛ የሚመረምረውን ባልደረባችንንም አልረሳሁትም።

በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሡ። በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ፣ ተራራውን እየናዱ፣ የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆ እየወረዱና እየወጡ እስከ መጋቢት ድረስ ስድስት ወር ያህል ተጓዙ። መንገዱን ሲሠሩ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። በየሌሊቱ ከሠራዊቱ የሚከዳው ብዙ ነበር። እያንዳንዱ ንጋት ስንት ሰው እንደ ጎደለ የሚታወቅበት በሆነ ሰፈር ውስጥ ንጉሡ ዓይናቸውን ጨፍነው ዐርፈዋል ብሎ ለማመን ያስቸግራል።

ሚያዝያ 2 ቀን ማምሻውን፣ ውኃና እንጀራ ብለው የጮኹ እስረኞች በንጉሡ ትእዛዝ ተገደሉ፤ ወደ ገደልም ተጣሉ። በማግሥቱ የስቅለት ዓርብ ነበር። ከሰዓት በኋላ በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ተደረገ፤ ፊታውራሪ ገብርዬ ከብዙ ሠራዊት ጋር ወደቁ። በዚያ ሌሊት ንጉሡ አልተኙም። በአጠገባቸው ከነበሩት አውሮፓውያን ሁለቱን በሌሊት ወደ እስረኛው ወደ ሆርሙዝድ ራሳም ልከው ስለ ዕርቅ አማከሩት። ሲነጋ መልእክተኞች ወደ ጄኔራል ናፒየር ሰደዱ። መልሱ እጅዎን ይስጡ የሚል ሆኖ ሲመጣ፣ የጸሎት፣ የቁጭትና የዛቻ ድብልቅ የሆነ ደብዳቤ አስጻፉ። ደብዳቤው ከሄደ በኋላ ሽጉጥ አንሥተው ራሳቸውን ለመግደል ሞከሩ፤ መኳንንቱ ነጠቋቸው። ከዚያም በዚያው ቀን እስረኞቹን ለቀቁ። ዕርቅ፣ ቁጣ፣ ሞትና ምሕረት በአንድ ቀን ውስጥ ተፈራረቁ። በምርመራ ክፍል እንዲህ ያለ ሰው ቢገጥመን ከሁሉ አስቀድመን የምንጠይቀው ከተኛ ስንት ሌሊት እንደ ሆነው ነው፤ ብቻውንም አንተወውም። የእንቅልፍ እጦትና ራስን የመግደል አሳብ ተከታትለው እንደሚመጡ ዛሬ በሚገባ ይታወቃል።

ያኔ ግን የሚሰጥ ሰው ሠራሽ የእንቅልፍ መድኃኒት አልነበረም። ክሎራል ሃይድሬት የተባለው የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ የእንቅልፍ መድኃኒት በበርሊን ለሕክምና የዋለው በ1869 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ንጉሡ ከሞቱ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ለተራዘመ የእንቅልፍ እጦት ቀዳሚው ሕክምና እንክብል አይደለም፤ የመኝታን ልማድና ሌሊት የሚመላለሰውን አሳብ በምክክር የማስተካከል ዘዴ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ካለፈባቸው በኋላ፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር ከመኝታው ለሚነሣው ሰው ያስፈለገው ይኸው ነበር፤ ብዙ ጊዜ የሰጠነው ግን እንክብል ነው።

በፋሲካ ዕለት ንጉሡ ለእንግሊዞቹ ላምና በግ ላኩ። ስጦታው ተቀባይነት አግኝቷል ብለው ነበር፤ አለመቀበሉን በኋላ ሰሙ። ከሌሊቱ መገባደጃ ላይ ጥቂት ሰዎች አስከትለው አምባውን ለቅቀው ለመውጣት ሞከሩ፤ የሚከተላቸው በማነሱ ተመለሱ። ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ አብረዋቸው የቀሩትን አሰናበቱ። ከሰዓት በኋላ የእንግሊዝ ወታደሮች በሩን ሰብረው ሲገቡ፣ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ ባገኙት ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። ዕድሜያቸው 50 ዓመት ያህል ነበር። በማግሥቱ በመቅደላ መድኃኔ ዓለም ተቀበሩ።