ከባሕር ማዶ ያረፈች እናት

በዚህ የትንሣኤ በዓል ስለ ልጅዋ ብዙ ያነባችውን ሞኒካን እናስታውሳለን። በዛሬይቱ አልጄሪያ በታጋስት ከተማ የኖረችው ይህች ክርስቲያን፣ ቁጡውን ባልዋን ጳጥሪቅዮስን በትዕግሥት ረትታ ከሞቱ በፊት ለጥምቀት አበቃችው። ልጅዋ አውግስጢኖስ ግን በማኒ ትምህርት ለዓመታት ባዘነ፤ ኋላም በካርታጎ ወደብ አታልሏት ወደ ሮም ኮበለለ። እርስዋም ባሕር ተሻግራ እስከ ሚላን ተከተለችው። እ.ኤ.አ. በ387 በፋሲካ ሌሊት በጳጳሱ በአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀላት።

በዚያው ዓመት ወደ አገራቸው ሊመለሱ ኦስትያ ወደብ ሳሉ በንዳድ ታመመች፤ በዘጠነኛው ቀን፣ በ56ኛ ዓመቷ አረፈች። ከባልዋ ጎን ለመቀበር ስትመኝ ብትኖርም፣ በመጨረሻ ሥጋዋ የትም ቢያርፍ እንዳይጨነቁ፣ በመሠዊያው ፊት ብቻ እንዲያስቧት አደራ አለች። ዘመዶቻችንን በባዕድ አፈር ያሳረፍን እኛም በዚህ አደራዋ እንጽናናለን።